ሽማግሌዎቹና የኮሎራዶ ድንጋይ

ባለቤቴ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞብኝ የመጣው በድንጋይ ጉዳይ ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር በነበረችን ጠባብ አፓርታማ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ። ኮሎራዶ የሄደ ጓደኛው ደውሎ፣ «ተራራው ሁሉ ነዳጅ ያዘለ ድንጋይ ነው፤ ተቆፍሮ ይጋገርና ዘይቱ ይወጣል፤ ሥራው ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ብሎታል። ባሌም መኪና ማቆሚያ መጠበቅ ሰልችቶታል። እኔ ደግሞ በሠላሳ አራት ዓመቴ ኮሌጅ ገብቼ ሁለተኛ ተርሜን መጀመሬ ነበር። አልሄድም አልኩ።

ዝም ብዬም አልነበረም እምቢ ያልኩት። መምህራችን ስለዚያው ድንጋይ የወደፊት ዕጣ ጻፉ ብላን፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ቤተ መጻሕፍት ያለውን ጋዜጣ ሁሉ አንብቤአለሁ። ማስታወሻዬን ወደ አማርኛ መልሼ ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው፦ ድንጋዩን መጋገር ብዙ ወጪ አለው፤ የሚያዋጣውም የነዳጅ ዋጋ እየናረ ከሄደ ብቻ ነው፤ ዋጋው ግን መውረድ ጀምሯል።

«ጨረስሽ?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ደግ። እንግዲህ ልጄ፣ ድንጋይ ቆፋሪው ካምፓኒ ከከሰረ ይክሰር። አንቺ የካምፓኒው አካውንታንት ነሽ?»

ሁለቱ ሳቁ። ባሌም አብሮ ሳቀ። ዛሬም ሳስበው ደሜን የሚያፈላው የእሱ ሳቅ ነው።

«ባልሽን ተከተይ ነው የምንልሽ። እሺ እስክትዪን እህልሽን አንቀምስም» አሉ።

ሽማግሌ እህል አልቀምስም ካለ ነውሩ ለቤቱ እመቤት ነው። ፊታቸው የቀረበው ምስር ወጥ ቀዘቀዘ። ትልቁ ሽማግሌ ስኳር አለባቸው፤ ቅዳሴ አስቀድሰው ስለመጡ ከማታ ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። እጃቸው መንቀጥቀጥ፣ ግንባራቸው ማላብ ጀመረ።

«አባባ፣ በእመቤታችን፣ ይቅመሱ።»

«እሺ በዪና።»

«ኦኬ በያቸው እንጂ! ሰውዬውን ልትገድያቸው ነው?» አለኝ ባሌ፣ ራሱ አምጥቷቸው።

እሺ አልኩ። ያነበብኩትን አንዱንም መስመር ሳያፈርሱ በላባቸው አሸነፉኝ።

ሰኞ ትምህርቴን አቋረጥኩ። መዝጋቢዋ ምክንያቴን ስትጠይቀኝ «ቤተሰብ» አልኳት፤ ከዚያ በላይ ብናገር ማልቀሴ ነው። ባሌ ቤት ሊፈልግ ቀድሞኝ ሄደ፣ እኔ ዕቃ ማሰር ያዝኩ። አስሬ ሳልጨርስ ኮል አደረገ። ካምፓኒው በአንድ ቀን ሥራውን ዘግቶ ሠራተኛውን በትኖታል።

በአውቶቡስ ተመልሶ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ሊያጽናኑት ተሰበሰቡ።

«አይዞህ ልጄ! ማን ያውቅ ነበር?» አሉት።

«እኔ አውቅ ነበር» አልኩ። «እዚሁ ተቀምጣችሁ አንብቤላችኋለሁ።»

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እሱስ ልክ ነሽ። ግን አሁን ሰዓቱ አይደለም፤ ባልሽ አዝኗል» አሉኝ። ስለ እኔ ተርም የጠየቀኝ የለም።

ተርሙ እንደሆነ አልፏል። የሚቀጥለው ምዝገባ ሲከፈት፣ ጠዋት ቦርሳዬን አንግቼ ስወጣ ባሌ ከአልጋው ቀና አለ።

«ወዴት ነው?»

«ልመዘገብ።»

«እና፣ እኔን ሳታማክሪ?»

«አዎ» አልኩትና በሩን ሳልዘጋው ደረጃውን ወረድኩ።