ለአዜብ የሚሄድ የወፍ ወሬ

በ1994 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ የቀለበት መንገዱ ሥራ ከገርጂ እስከ ኢምፔሪያል ያለውን ሰፈር ጭቃ በጭቃ ያደረገበት ጊዜ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ላምበረት ቢሆንም ያን ክረምት ገርጂ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ዘንድ ከረምኩ። እቴቴ እንላታለን። ባሏን በጊዜ የቀበረች፣ ልጅ ያልወለደች፣ አፏ ፈጣን እጇ ቸር የሆነ ሴት ነበረች።

ከዚያ በፊት ገርጂ የምንከርመው ሁለት ሆነን ነበር፤ እኔና ታላቅ እህቴ አዜብ። አዜብ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። የልብ ሕመም ነበረባት። ትንሽ እንደሄደች ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ቆም ትልና አንድ ነገር የምታይ ትመስላለች። ትንፋሿ እስኪመለስላት ነው። የእኛ ሰፈር ዳገት ስለሚበዛበት አባዬ «ክረምቱን ሜዳው ላይ ብታሳልፈው ይሻላታል» ብሎ ነው መጀመሪያ ወደ እቴቴ የላከን። እኔ የተላክሁት እንዳይከፋት ነው።

ከእቴቴ ቤት ጀርባ አንድ መናፈሻ ነበር። መናፈሻ ይባል እንጂ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። የዥዋዥዌው መቀመጫ ተነቅሎ ሰንሰለቱ ብቻ ይንጠለጠላል። ሸርተቴው ዝጎ መሐሉ ተበስቷል። ለፏፏቴ ተብሎ የተሠራው ገንዳ የዝናብ ውሃ አቁሮ እንቁራሪት ይንጫጫበታል። አጥሩን ሰው እየነቀለ ወስዶት ፍየሎች እንዳሻቸው ይገቡ ነበር። ሙጃው ከወገቤ በላይ ነው። ዝናብ ሲያባራ ስንገባ ጫማችን ይርሳል፣ የቀሚሳችን ጫፍ ይርሳል፣ የባሕር ዛፍና የእርጥብ አፈር ሽታ ልብሳችን ላይ ቀርቶ ማታ አብሮን ይተኛል።

አዜብ መሮጥ ስለማትችል ታነብ ነበር። አባዬ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ያመጣላት፣ ስለ እንስሳትና ስለ አእዋፍ የሚናገር መጽሐፍ ነበራት። ሽፋኑም የፊት ገጾቹም ስለሌሉ ስሙን እንኳ አናውቀውም። የተሰነጠቀው አግዳሚ ወንበር ላይ ፌስታል አንጥፈን እንቀመጣለን። አንድ ገጽ ታነብልኝና ትዘጋዋለች። «በይ አሁን ፈልጊው» ትለኛለች። ስለ ጉንዳን ካነበበች ጉንዳን፣ ስለ ሸረሪት ካነበበች ሸረሪት ፍለጋ ሙጃው ውስጥ እገባለሁ። አግኝቼ ስመለስ ጥያቄ ይጠብቀኛል። «ምን ተሸክሟል? ወዴት እየሄደ ነበር? ከኋላው ሌላ አለ?» ካላወቅኩ መልሳ ትልከኛለች። «ጩጬ፣ አየሁ ለማለት አትቸኩዪ» ትለኝ ነበር።

በሁለተኛው ክረምት ስለ መስቀል ወፍ አነበበችልኝ። ወፉ ለመስቀል ከሩቅ አገር አይመጣም ይላል መጽሐፉ። ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ነው፤ በበጋ እንደ ድንቢጥ ቡኒ ስለሚሆን ማንም አይለየውም። ክረምት ሲገባ ወንዱ ላባውን እየቀየረ ይጠቁራል፤ ትከሻውና ጀርባው ላይ እንደ አደይ ያለ ቢጫ ያወጣል። አዜብ ገጹን ደጋግማ አነበበችው። ማታ እራት ላይ ለእቴቴ ነገረቻት።

«ተይ እንጂ» አለች እቴቴ። «የመስቀል ወፍ መስቀልን ልታከብር ነው የምትመጣው። የት እንደምትከርም የፈጠራት ያውቃል።»

«እዚሁ ገርጂ ነው የምትከርመው፣ እቴቴ። ልብስ ስላልቀየረች ነው ያላወቅሻት።»

«እንግዲህ የመስቀል ወፍን ቡኒ ካልሽ፣ ነገ እኔን ፈረንጅ ትዪኛለሽ።»

«ባሳይሽስ?»

«ስታሳዪኝ አምናለሁ።»

ያን ክረምት ግን ማሳየት አልቻለችም። ነሐሴ ሳይጋመስ ስለባሰባት አባዬ መጥቶ ወሰደን። ታክሲ ውስጥ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ፣ «በሚቀጥለው ክረምት ከሰኔ ጀምረን እንጠብቀዋለን» አለችኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ሰኔ ላይ አዜብ ሆስፒታል ገባች። እናቴ ልታስታምማት አብራት ሆነች፤ እኔ ብቻዬን ወደ እቴቴ ተላክሁ። በዚያን ጊዜ ልጅ ሕሙማን ክፍል አያስገቡም። ከቤት ልትወጣ ስትል አዜብ ጠርታኝ፣ «አንቺ ታይልኛለሽ። እስክወጣ ከተቀየረ እንዳያመልጠኝ። ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ላኪብኝ» አለችኝ። ከዚያ ሌላ የለመነችኝ ነገር የለም።

በየጠዋቱ መናፈሻው ሄድኩ። ዥዋዥዌው ብረት ላይ የሚያርፍ አንድ ቡኒ ወፍ መረጥኩ። ከሰዓት በኋላ እቴቴ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ሆስፒታል ስትሄድ ወሬዬን ይዛ ትሄዳለች፤ ማታ መልስ ይዛ ትመጣለች። የመጀመሪያው መልስ ለወፉ የወጣ ስም ነበር። አቶ ቡኒ በሉት ብላ ላከች።

«ደረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አየሁ» ብዬ ላክሁ። «እርጥበት እንዳይሆን። ፀሐይ ሲወጣ ድገሚና እይው። ደግሞ ብቻውን ነው ወይስ ሴት አብራው አለች?» ብላ መለሰች። እቴቴ መልሱን ስታደርስ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። «በስተርጅና የወፍ ፖስተኛ አደረጋችሁኝ» ትላለች። አንድ ቀን ደግሞ እየሳቀች ገባች። «'እቴቴ፣ መሸነፊያሽ ደርሷል' አትለኝም? ትራስ ተደግፋ ትሳለቅብኛለች እኮ።»

ፍልሰታ ገባ። ጠዋት መናፈሻው፣ ከዚያ ከእቴቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን። ቅዳሴ እስኪወጣ ሆዴ ይጮሃል። «እመቤቴ ሆይ፣ አዜብ ወጥታ ትየው» እል ነበር። ሌላ ጸሎት አላውቅም።

አዜብ ያረፈችው ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ነው። ለእኔ አልተነገረኝም።

ልማዳችንን ታውቃላችሁ። መርዶ እንዲሁ አይወረወርም። ጊዜ ይጠበቅለታል፣ የሚናገረው ሰው ይመረጥለታል። «ልጅቷ ዓመት በዓሉን በእንባ አትቀበለው» ብለው ዘመዶች ተማከሩ። እናቴ ለመከራከር አቅም አልነበራትም። አዜብ ተቀበረች፤ ላምበረት ድንኳን ተጣለ፤ ጎረቤት ለቅሶ ተቀመጠ። እኔ ገርጂ ሙጃ ውስጥ ተቀምጬ አቶ ቡኒ ምን ያህል እንደጠቆረ እመለከት ነበር። እቴቴ ጠዋት ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ጥቁሩን ልብስ ጎረቤት ቤት እያወለቀች፣ በዘወትር ቀሚሷ ትገባ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። «ጉንፋን ነው» አለችኝ። ክረምት ስለነበር አመንኳት።

ወሬ መላክ አላቆምኩም። እሷም መልስ ማምጣት አላቆመችም።

«ጀርባው ላይ ቢጫ ጀመረው በያት» አልኳት አንድ ጠዋት።

ማታ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «ነገርኳት። ጎበዝ እህቴ፣ እደጊልኝ ብላለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ትበል፣ የኔ እናት። ደክሟታል።»

«ከትከሻው ነው ከጀርባው የጀመረው ብላ አልጠየቀችም?»

እቴቴ ጫማዋን ለመፍታት ጎንበስ አለች። ብዙ ጊዜ ፈጀባት። «አልጠየቀችም» አለች።

የአዜብ መልስ ጥያቄ ሳይኖረው ቀርቶ አያውቅም። ያን ሰሞን የሚመጣው ሁሉ ግን ምርቃት ነበር። እደጊ፣ ተባረኪ፣ አይዞሽ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳይሆን የትልቅ ሰው አፍ ነበር። ሕመሙ በርትቶባት ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ከዚያ አልፌ አላሰብኩም።

ጳጉሜ ላይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሰማዩ የጠራበት ጠዋት፣ አቶ ቡኒ ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ አገኘሁት። ከአናቱ እስከ ሆዱ ከሰል ነው። ከሙጃው ላይ ላባውን ነፍቶ ሲነሳ የጀርባው ቢጫ በራ። ወደ ቤት ስሮጥ አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። እቴቴ ጓዳ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«እቴቴ፣ ተሸነፍሽ» አልኳት። «አዜብ ልክ ነበረች። እዚሁ ነበር። ሲቀየር በዓይኔ አየሁት።»

ሰፌዱን አስቀመጠች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ተናደድሽ?» አልኳት።

«አዎ» አለች ሳትዞር። «መሸነፍ አልወድም።»

«ዛሬውኑ ንገሪያት። እንዳይመሽ።»

«እነግራታለሁ» አለች። ምስሩን እንደተበተነ ትታ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች።

እንቁጣጣሽ ገባ። እቴቴ አዲስ ቀሚስ አለበሰችኝ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር አበባየሆሽ እያልን በየቤቱ ዞርን። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር። አንዷ አቅፋ ሳመችኝና ቶሎ ወደ ቤቷ ገባች። ቀሚሱ ስላማረብኝ መስሎኝ ነበር።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ ገና ሊነጋጋ፣ በሩ ተንኳኳ። አባዬ ነው፤ እናቴ፣ የንስሐ አባታችን፣ ከኋላቸው ዘመዶች። እናቴ ጥቁር ለብሳ ነበር። ያ ረጅም ፀጉሯ የለም። የንስሐ አባታችን «ልጄ» ብለው ጀመሩ። ገና ሳይጨርሱ፣ «መቼ?» አልኩ። ዞር ብዬ እቴቴን አየኋት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር።

ያን ቀን አባዬ ከጭኑ ላይ አላወረደኝም። ቤቱ በለቅሶተኛ ሞላ። እናቴ እዚያው አብራን ዋለች፣ አብራን አደረች። እቴቴ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ሰው ሲያጽናናት እንኳ ወደ እኔ አትዞርም። አመሻሹ ላይ ለእናቴ በሹክሹክታ ስትናገር ሰማኋት። «ሁለቱንም አጣኋቸው። ይህቺም ከእንግዲህ አታምነኝም።»

አሁን የራሴ ልጆች አሉኝ፤ ተመስገን። አንዳንድ እሑድ ከቦሌ መድኃኔዓለም ስንወጣ ወደዚያ መናፈሻ እወስዳቸዋለሁ። ታድሷል። አጥር አለው፣ መብራት አለው፣ መሬቱ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ሸርተቴው ላይ ልጆቼ ቀሚስና ሱሪ ሳይቀደድባቸው ይወርዳሉ። ሣሩ ሳያድግ ይታጨዳል። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ የእኔ እህት የምትቀመጥበት ደህና ወንበር አልነበራትም። የመስቀል ወፍ ግን ሙጃ ይፈልጋል። ልጆቼ የሚያውቁት በስልክ ነው። ትልቋ አንድ ጊዜ በስልኩ አሳየችኝና፣ «እማ፣ ይሄ እውነት አዲስ አበባ ነበር?» አለችኝ። «እዚህ የቆምሽበት ነበር» አልኳት። ፈገግ አለች፤ ያመነችኝ አልመሰለኝም።

እኔ ቤት መርዶ አይደበቅም። አማቴ ያረፉ ዕለት ልጆቼን አስቀምጬ በሰዓቱ ነገርኳቸው። ጨካኝ ነሽ ያሉኝ ነበሩ። ይሁን። እቴቴን ግን ወቅሻት አላውቅም። ካደግሁ በኋላ፣ አንድ ቀን ብቻችንን ሳለን፣ እነዚያን መልሶች እንዴት ታመጣቸው እንደነበር ጠየቅኋት። «መልሱን ከራሴ ነው ያመጣሁት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» አለች። «የላክሽውን ግን ሳላደርስ የቀረሁበት ቀን የለም።» ከለቅሶው ቤት ስትወጣ በመቃብሩ በኩል ታልፍ ነበር። እዚያ ቆማ፣ ደረቱ ጠቆረ፣ ጀርባው ቢጫ ጀመረው፣ ዛሬ ዝናብ ስለነበር አልታየም፣ እያለች ትነግራት ነበር። ሳትጨምር ሳትቀንስ።

የእቴቴን ነፍስ ይማር። አዜብ ለሁሉም ሰው ነሐሴ ላይ ሞተች። ለእኔ እስከ መስከረም ኖራለች። ያን ጊዜ የሰጠችኝ እቴቴ ናት፤ እሷ ግን ብቻዋን ተሸከመችው።

የመርዶው ማግስት ጠዋት ዝናብ አልነበረም። ለቅሶተኛው ገና መግባቱ ነው። ከእናቴ ጎን ተነስቼ፣ በተቀመጡት ሴቶች መካከል አልፌ፣ እቴቴ ያለችበት ጥግ ሄድኩና እጇን ያዝኩ።

«ተነሺ፣ እቴቴ» አልኳት።

«ወዴት?» አለች።

«መናፈሻው። አንቺ እኮ እስካሁን አላየሽውም።»

አንዲት ጎረቤት፣ «ለቅሶ ተቀምጣ ወፍ ልታይ ትሄዳለች እንዴ?» አለች። እናቴ ቀና ሳትል፣ «ተያቸው። ይሂዱ» አለች።

እቴቴ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሳች። ከቤቱ ጀርባ ያለው መንገድ ጭቃ ነበር። እንዳያዳልጣት እጇን ሳልለቅ ፊት ፊቷ ሄድኩ።