የተራቡት ወፍራም አይጦች

በደርግ ዘመን ጄኔቭ ውስጥ እንጀራዬን የማገኘው ከወፍራም አይጦች ነበር። ከአገር ቤት «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» የሚል ደብዳቤ ሲመጣልኝ «ሕክምና ነክ ምርምር» ብዬ አልፈው ነበር። በሰባ ሰባት ዓ.ም. የስዊስ ቴሌቪዥን በየዕለቱ የወሎን ራብ ያሳይ ነበርና፣ «አይጥ ለምን እንደሚወፍር አጠናለሁ» ብሎ መጻፍ ፊትን ያስነጫል።

አይጦቹ ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ጂን የወረሱ ናቸው። ጤነኛ አካል ሲጠግብ «በቃ» የሚል መልእክት፣ ማለትም ሆርሞን፣ በደም በኩል ወደ አንጎል ይልካል። ፕሮፌሰሬ እንደሚጠረጥረው የእነዚህ አይጦች አካል መልእክቱን አሳምሮ ይልካል፤ የተበላሸው አንጎላቸው ውስጥ ያለው ተቀባይ፣ የመልእክቱ ጆሮ ነው። መልእክቱንም ሆነ ጆሮውን ያን ጊዜ ማንም አላያቸውም፤ ይህ ግን ፕሮፌሰሩን በየጉባኤው እየዞረ ስለ ሁለቱም ከማውራት አላገደውም። ብቻ አይጡ መራመድ እስኪያቅተው ይወፍራል፣ አንጎሉ ግን ሁልጊዜ ችጋር ላይ ነው።

በሙከራችን ግማሾቹ እንዳሻቸው ይበላሉ። ግማሾቹ ደግሞ ቀጭን ወንድማቸው የሚበላውን ያህል ብቻ እየተመዘነ ይሰጣቸዋል፤ ውፍረታቸው ከመብላት ብቻ የመጣ መሆን አለመሆኑን ለማየት ነው። ይህ በደህና ካለቀ ፕሮፌሰሩ ውሌን ያድሳል፣ ውሌ ከታደሰ ደግሞ ፔርሚዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይታደሳል። ካልታደሰ አዲስ አበባ ገብቼ «ስድስት ዓመት የት ነበርሽ?» ለሚለኝ ቀበሌ መልስ ማዘጋጀት ነው። ዕጣዬ በአይጥ ሆድ ላይ ወደቀ።

የፈረንጆቹ ፋሲካ የእኛ ሆሳዕና ላይ ዋለና ስዊሱ የአይጦች ጠባቂ ለዕረፍት ወደ ተራራው ሄደ። እኔም ከዙሪክ ወጣ ብላ ሽሊረን የምትኖር ጓደኛዬ ወልዳ ነበር፤ አራስ ሳይጠይቁ መቅረት ደግሞ ስደት ነው ተብሎ አይታለፍም። ያለኝ አማራጭ ጋሼን መለመን ነበር።

ጋሼ የምላቸው ኦኔ በሚባለው ሰፈር የምኖርበትን ሕንፃ የሚጠብቁትንና የሚያጸዱትን አዛውንት ነው። በንጉሡ ጊዜ ትልቅ ሹም ነበሩ፤ ለስብሰባ ጄኔቭ እንደመጡ አብዮቱ ፈነዳና እዚሁ ቀሩ። ከአገር ይዘውት የወጡት ንብረት ቦርጫቸው ብቻ ነበር፣ እሱንም ደረጃ መወልወል ጨረሰባቸው።

ካሩዥ ወደሚገኘው ቤተ ሙከራችን ወስጄ አሳየኋቸው። አንዱ በልክ የሚበላ አይጥ ሽቦውን ይቧጥጥ ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?»

«ርቦት ነው ጋሼ።»

«እንዲህ ወፍሮ?»

«አንጎሉ ጥጋቡን አይሰማም። ቢወፍርም እንደራበው ነው።»

«ታዲያ ራበኝ ሲል ምን ትሉታላችሁ?»

«ወፍራም ነህ እንለዋለን» ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። የሁዳዴ ጾም ያደከማቸው መሰለኝ።

«አደራዎን፣ የተመዘነውን ብቻ ነው የሚሰጧቸው» አልኳቸው።

«ምን ነካሽ! አገር ያስተዳደርኩ ሰው አይጥ ያቅተኛል?»

መጠርጠር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነበር።

ሽሊረን ስደርስ የአራሷ ቤት በሰው ተሞልቷል። የጾሙ ወጥ በየዓይነቱ ቀረበልኝ፤ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን»፣ «ይቺን ብቻ» እየተባልኩ መተንፈስ እስኪያቅተኝ በላሁ። «ጠግቤያለሁ» የሚለውን ቃል የእኛ ሰው ገበታ ላይ የሚሰማ የለም፤ ይህን ለማወቅ ጂን መመርመር አያስፈልግም።

የፈረንጆቹ በዓል አልፎ ሥራ ስገባ በልክ የሚበሉትን አይጦች አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አወጣሁ። ሁሉም አብጠዋል። በቀላሉ ይሮጡ የነበሩት ተዘርፍጠው ያዩኛል፣ የምግቡ ጆንያም ባዶውን ተጣጥፎ ተቀምጧል። ፕሮፌሰሩ ገብቶ ሚዛኑን ሲያይ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?»

አፌን ሳልከፍት ቁልፍ ሊመልሱ የመጡት ጋሼ ከበሩ ላይ፣ በቤተ መንግሥት ግብዣ ላይ በሚነገር ፈረንሳይኛ፣ «እኔ ነኝ፣ ክቡር ፕሮፌሰር» አሉ። «ተርበው ነበር።»

«አልተራቡም! ወፍራሞች ናቸው እኮ!»

«እኛም እንዲሁ ነበር የምንለው።»

ፕሮፌሰሩ አስተርጉሚልኝ በሚል ዓይን አየኝ። ሰውየው ፈረንሳይኛውን ከእሱ አሳምረው ይናገራሉ፤ ምኑን ላስተርጉም? «የሃይማኖት ጉዳይ ነው፣ ጾም ላይ ናቸው» አልኩት። ስዊስ ሃይማኖት ሲሉት አይከራከርም።

ከዚያ ተቀምጦ አሰበ። ሙከራው እንደገና ከዜሮ መጀመር አለበት። አይጦቹን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው የለውም፤ ስለዚህ ውሌ ይራዘማል። በደንብ ሠርቼ ብጨርስለት ምናልባት በምስጋና ያሰናብተኝ ነበር፤ ስለተበላሸበት አስቀረኝ። ጋሼ ብቻ ሁለተኛ አይጦቹ ቤት እንዳይደርሱ ተከለከሉ።

ካሩዥ ትራም ፌርማታ ላይ አብረን ቆምን። ውሌ ቢራዘምም ንዴቴ አልበረደም። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል፤ እኚህ ሰው በሹመታቸው ዘመን ጠግበው ኖረው፣ ዛሬ ለአይጥ ሲራሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ።

«ጋሼ፣ ፔርሚዬን ተነጥቄ ደርግ እጅ ብገባስ ኖሮ? ለአይጥ ብለው?»

ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆለፉ።

«በስልሳ አምስት ከወሎ አንድ የወረዳ ሰው ቢሮዬ ድረስ መጣ። ‹ሕዝቡ በራብ አለቀ› አለኝ። ደንዳና፣ ሞላ ያለ ሰው ነበር። ‹አንተ እንዲህ ወፍረህ ምኑ ነው የራባችሁ?› አልኩት። ቢሮው ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮን ሊስቅ ሞከረ።»

የእኔው ሳቅ ትዝ አለኝና አፈርኩ። አንጀቴን በሉት።

«ያኔ ነገሩን አልሰሙት ይሆናል፣ ጋሼ» አልኳቸው ላጽናናቸው ብዬ።

ትራሙ መጥቶ ቆመ። ሊሳፈሩ አንድ እግራቸውን አንሥተው ዞር አሉ።

«ሰምቼዋለሁ እንጂ፣ ልጄ። አይጡስ ጆሮው ተበላሽቶ ነው። የእኔ ደህና ነበር።»