በእጄ የጠቀለልኩት የመጀመሪያው ሲጋር

ኦቦ ገመቹ ዛሬ በእጄ የጠቀለልኩትን ሲጋር አንድ ጊዜ ሳቡና ፊታቸው ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ሆነ።

ኦቦ ገመቹ እዚህ ቡራዩ ጎረቤታችን ናቸው። የትምባሆ ቅጠሉንም ከተፍኪ፣ ከወንድማቸው ጓሮ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ዩቲዩብ አይቼ ባለሙያ ሆኛለሁ። (ሁለት ቪዲዮ ያየ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?)

ትልልቁን ቅጠል ለመጠቅለያ አስቀርቼ፣ የቀረውን አድቅቄ በጥቁር ፌስታል ኩሽና ሚስማር ላይ ሰቅዬው ነበር። ዛሬ ፌስታሉን አወረድኩና ሞልቼ ጠቀለልኩ፤ ጫፉን በአብሽ ውሃ አጣበቅኩት። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር።

«ምነው አባባ፣ ከበደዎት እንዴ?» አልኳቸው።

ሲጋሩን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይሄማ ጌሾ ነው» አሉ።

እናቴ ከሁላችንም በላይ ሳቀች። የእሷም ጌሾ በጥቁር ፌስታል እዚያው ሚስማር ላይ ነበራ!

ከዚያ ድንገት ሳቋን አቆመች። ሰሞኑን ጉንፋን ይዟት ምንም አይሸታትም።

«ቆይ፣ ታዲያ እኔ ጠዋት የማኅበሩን ጠላ የጠነሰስኩት በምንድን ነው?»

ሁላችንም ወደ ጋኑ ዞርን።

ጥንስሱ ተደፍቷል፤ ጋኑን ያጠብኩትም እኔው ነኝ። ይህን የምጽፈው ጌሾ ልገዛ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። ኦቦ ገመቹ የተረፈችዋን ሲጋር ኪሳቸው ከተው ሄደዋል፤ «ትመራለች እንጂ አታስልም» ብለው።

እስቲ እናንተም ቤት በኩሽና ፌስታል የመጣ ጉድ ካለ አውሩኝ፣ በእኔ ብቻ አይሳቅ።

ፌስቡክ ያላችሁ የእናቴ ማኅበርተኞች ግን ይህን ጽሑፍ አላያችሁትም።