ሰባት ቤት የሚቆጥረው መድኃኒት

ትናንት ጠዋት እናቴ ደወለችና «አክስትህ ነገ አልሄድም ብላለች፣ ሂድና አስረዳት» አለችኝ። አክስቴ ያልጋነሽ የጡት ካንሰር ይዟት ዛሬ የመጀመሪያውን መድኃኒት መውሰድ ነበረባት። እኔ እዚሁ ቤርሼቫ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሴል ነው የማጠናው... ቤተሰቡ ግን ሁሉም «ሮፌ» እያለ ይጠራኛል። ዶክተር አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል።

ሽኩና ጊሜል የሚባለው ሰፈር ቤቷ ስደርስ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ሮፌው በእብራይስጥ ነገረኝ፣ የልጅ ልጄ ግማሹን ተረጎመችልኝ። ሥራውን ሳላውቅ ማንንም ደሜ ውስጥ አላስገባም» አለችኝ።

እሺ ብዬ ጀመርኩ። ሴል ላይ ተቀባይ የሚባሉ አሉ፤ ግማሽ አካላቸው ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ነው። ከውጭ መልእክት ሲመጣ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። ከዚያ አንዱ የሌላው ጭራ ላይ ፎስፌት የምትባል ነገር ያስራል...

«ቀለበት አሰሩ በለኛ።»

«በይው። ያኔ ወሬው ውስጥ ለውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄድና ሴሉ ‹ተባዛ!› ተብሎ ይታዘዛል። አንቺ ጋ ግን ተቀባዮቹ ከልክ በላይ በዝተው፣ መልእክት ሳይመጣም ይጣመራሉ።»

«ሽማግሌ ሳይላክ?»

«ሳይላክ።»

«ለመሆኑ የማን ልጆች ናቸው?»

«የአንድ ቤተሰብ ናቸው» አልኳት። እውነቴን ነው፣ የትምህርት መጽሐፌም የሚለው ይህንኑ ነው።

ፊቷ ተለዋወጠ። አክስቴን ለማታውቁ... እዚህ የኛ ሰዎች ልጅ ሲድሩ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ የምትቆጥርላቸው እሷ ናት። ይዛመዳሉ ካለች ሠርጉ ቀረ ማለት ነው።

«ዘመዳሞች ተጋብተው ነው እንዲህ የሚያደርጉኝ?» አለች። «መድኃኒቱስ ምን ያደርጋል?»

«መሀላቸው ገብቶ እንዳይጣመሩ ይከለክላል።»

«ታዲያ መጀመሪያ ይህን አትነግረኝም? የኔን ሥራ ነው የሚሠራው» ብላ ነጠላዋን አንስታ በሩ ጋ ደረሰች። ቶሩ፣ ቀጠሮው፣ ለነገ ነው ብዬ መልሼ አስቀመጥኳት።

ዛሬ ወሰድኳት። መድኃኒቱ በክንዷ ጠብ ጠብ ሲል አየት አድርጋው «በርታ ልጄ፣ ቢለምኑህም እሺ እንዳትላቸው» አለችው። ነርሷ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ፣ ለመተርጎም ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ከትናንት ጀምሮ ፈርቼ ነበር... እዚያ ቁጭ ብዬ ስስቅ እንባዬ መጣ።

አምና የሽኩና ቫቭ እጮኛዬን ስድስተኛው ቤት ላይ ዘመድ አግኝታ ያስቀረችብኝ ይህችው አክስቴ ናት። መድኃኒቱ የሷን ግማሽ ያህል እንኳ ከጨከነ፣ ትድናለች።