ከጥግ የተሰማው ድምፅ

ፈድሊያ ከሄርማታ ገበያ አጠገብ በምትገኝ ጠባብ ስቱዲዮ የሰርግ ፊልምና መንዙማ ታቀናብር ነበር። ሙዚቃው የሽማግሌ ምርቃት እንዳይውጥ ማድረግ ታውቅበታለች። ኮምፒውተሩ ላይ በድምፁ መሃል የምታልፈውን ቀጭን መስመር በማውስ ትይዛታለች፤ ወደ ታች ስትስባት ድምፁ ይቀንሳል፣ ወደ ላይ ስትስባት ይጎላል። በዝግታ ካዘነበለቻት ደግሞ ድምፁ ሰው ሳያውቅበት ከስሞ ይጠፋል።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር፣ አገሩ መታመስ በጀመረበት ሰሞን፣ ግራጫ ኮት የለበሰ ሰው ገባ። ከየት እንደመጣ አልተናገረም። እሷም አልጠየቀችም፤ እንዲህ ያለ ሰው አይጠየቅም። ፍላሽ አስቀመጠላት።

«የቡ ከተማ የተደረገ ስብሰባ ነው። ከኋላ ሆነው የሚናገሩት አይሰሙም። ጫጫታውን ቀንሺና እነሱን አጉይልኝ።»

«የሰርግ ሥራ አለብኝ፤ ነገ ቢሆንልዎትስ?»

«ሰርጉ ይቆያል። ከሰዓት እመጣለሁ» ብሏት ወጣ።

ማዳመጫውን አጠለቀች። ሳል፣ የወንበር ሲጢጥታ፣ ጭብጨባ። ከዚያ ከጥግ አንድ የታፈነ ድምፅ መጣ። መስመሯን ከፍ አደረገቻት። «ዛሬ መሬታችንን ሲወስዱ ዝም ካልን ነገ መቃብራችንንም ይወስዱታል!» ይላል በኦሮምኛ።

መልሳ አዳመጠችው። ታናሽ ወንድሟ ቲጃኒ ነው። ቡና ልገዛ ብሎ ነበር የቡ የሄደው።

ቆርጣ ብታወጣው ክፍተቱ ያሳብቃል። ስለዚህ ከንግግሩ ትንሽ ቀደም ብላ መስመሯን አዘነበለቻት፤ ድምፁ ጭብጨባው ውስጥ ሰጠመ። ከእሱ ወዲያ ያለውን ግን፣ ሥራዋ እንዲታመንላት፣ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። ከጭንቀቷ የተነሣ ሳታዳምጠው፣ ፍላሹ ላይ በነበረው ፈንታ ገለበጠችው። ወዲያው ቲጃኒ ዘንድ ደውላ «ወላሂ ዛሬውኑ ከዚህ አገር ውጣ!» አለችው።

ሰውዬው ሲመለስ ቆሞ አዳመጠ። የሰጠመው ቦታ ላይ ሲደርስ አያት።

«እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

«የቀዳው ሰው ስልኩን ኪሱ ከቶት ይሆናል» አለች።

ማዳመጡን ቀጠለ። ወዲያው ከድምፅ ማጉያው የሽማግሌ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። «ልጁ እውነቱን ነው። እኔም መሬቴን አልሰጥም።»

የአባቷ ወዳጅ ኦቦ ፈየራ ናቸው። ሰውዬው ፈገግ አለ።

«ታውቂዋለሽ?»

«አላውቃቸውም።»

«እኛ እናውቀዋለን» አለና ፍላሹን ይዞ ወጣ።

የኦቦ ፈየራ ስልክ አይሠራም። ስቱዲዮውን ቆልፋ የቡ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ስትደርስ ግቢያቸው በር ላይ ጎረቤት ቆሟል። የሽማግሌው ባለቤት አዴ ውቢት በተሰጣው ቡና መሃል በባዶ እግራቸው ቆመዋል፤ ቡናው በጫማ ተረግጦ ተበትኗል።

«አሁን ወሰዱት» አሏት። «ከኋላ ተቀምጦ የተናገረውን ማን ሰምቶ ነገራቸው፣ ልጄ?»

ፈድሊያ ወደ እሳቸው ቀረበች። «እኔ ነኝ፣ አዴ። ቲጃኒን ልደብቅ ብዬ እሳቸውን አጋለጥኳቸው።»

አዴ ውቢት አልጮኹም፣ አልረገሙም። «ቲጃኒስ ወጣ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

«ወጥቷል።»

«እንግዲያው አንቺም ሂጂ፤ እዚህ እንዳያዩሽ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሄርማታ ስትመለስ ቆልፋው የሄደችው በር ገርበብ ብሏል። ሰውዬው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ፣ ማዳመጫዋን አጥልቆ፣ ኮምፒውተሯ ላይ የቀረውን ያልተነካ ቅጂ፣ የሰጠመው ቦታ ላይ፣ ያዳምጣል።

«ግቢ፣ እህቴ» አላት ሳይዞር። «በሩንም ዝጊው።»