ንቧ ያለችበት አፕ

ልጄ ቅድም ታብሌቱን ጥላ አልጋ ሥር ገባች።

አራት ዓመቷ ነው። ድምፅ ሰምቶ ሥዕሉን መንካት የሚያስተምር የልጆች አፕ ጭኜላት ነበር።

ላሟን አወቀች፣ ዶሮዋን አወቀች። ግመሏንማ ድምፁ ሳያልቅ ነካቻት፤ የቆቦ ልጅ አይደለች!

ቀጥሎ የንብ ጥዝታ መጣ።

"እማ፣ ድሮን! ስልክሽን አጥፊው!"

ድሮን በመጣ ቁጥር በስልኩ እንዳያገኘን ብለን ስልካችንን ስናጠፋ እያየች ነው ያደገችው።

"አብሽሪ፣ ንብ ናት" ብላት ማን ሰምቶኝ። አፑ ምን ቸገረው፣ "እንደገና ሞክሪ" ይላል።

ስመርጠው ማስታወቂያ እንደሌለው፣ ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ አይቻለሁ። ንቧን ግን አላሰብኳትም።

ስልኬን አጥፍቼ ሳሳያት ነው የወጣችው።

ልጆች ያሏችሁ ጎረቤቶቻችን የሮቢትና የዋጃ ሰዎች፣ የእናንተዎቹስ ንቧን ምን አሏት?