ለቅሶ ላይ የሳቀው ጀማሉ

ባሕሪያ ባሏን አምርራ የጠላችው አባቷ በተቀበሩ ማግስት ነው። ከዚያ በፊትም አኩርፋው ነበር፤ ግን ኩርፊያና ጥላቻ አንድ አይደሉም።

ባሏ ጀማሉ የመተማ ልጅ ነው፤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ጀለቢያ፣ ረጅሙን የወንድ ቀሚስ፣ ይሰፋል። እጁ የተመሰገነ ነበር። ኢንተርኔት ያለው ስልክ የገዛው የልብስ ሞዴል ልይበት ብሎ ነው፤ ለጊዜው አየበትም። ኋላ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ ኳስ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ዘር የሚሰዳደቡበት ቡድን ውስጥ ገብቶ ቀረ። የስፌት መኪናውን አቁሞ ይጽፋል፤ መልሱ ሲመጣ ደሙ ይፈላል፤ ደግሞ ይጽፋል። የዒድ ልብስ ዒድ ካለፈ በኋላ ማስረከብ ጀመረ። ደንበኛ ደጁ ላይ ቆሞ ሲጮህበት እንኳ ቀና አይልም።

ባሕሪያ ሴት ይዟል ብላ ጠረጠረች። አንድ ቀን ለሶላት ዉዱእ ሲያደርግ ስልኩን ከፈተችው። ሴት ፈልጋ ስድብ አገኘች።

«ሴት ብትሆን ምናለ!» አለቻት ጎረቤቷን በላይነሽን። «ሄጄ ፀጉሯን እነጨው ነበር። ይሄን ሁሉ ስም የለሽ ወንድ የት አገኘዋለሁ?»

አባቷ እዚያው ሱዳን፣ ሀዋታ ከተማ የሞቱት በዚያው ሰሞን ነው። የለቅሶው ዳስ ውስጥ ቁርአን እየተቀራ ጀማሉ ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን ጋቢው ስር ደብቆ ይጽፋል። ድንገት ከት ብሎ ሳቀ።

«አዋረድኩት!» አለ ጮክ ብሎ።

ቁርአን የሚቀራው ሰው አፉ ላይ ያለውን አንቀጽ አቋረጠ። የባሕሪያ ወንድም አብዱልናስር ተነስቶ ስልኩን ነጠቀውና የውሃ በርሜል ውስጥ ጨመረው። ጀማሉ ዘሎ ሐዘንተኛውን በቴስታ መታው፤ የፊት ጥርሱን አወለቀው። ሽማግሎች እየጎተቱ አስወጡት። ባሕሪያ ከሴቶቹ መሃል ሆና ሁሉንም አየች።

ገዳሪፍ ሲመለሱ «ስልኩም ሄደ፣ በሽታውም ሄደ» ብላ ነበር። አልሄደም። እንቅልፍ አጣ፤ ባዶ ኪሱን ይዳብሳል፤ ልጆቹን ያለ ምክንያት ይገላምጣል። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ስልክ ገዛ። ባሕሪያ ልብሱን ጠቅልላ ደጅ አወጣችለት።

«ኸላስ፣ በቃ! ወይ ሐኪም ቤት፣ ወይ መተማ!»

እየተራገመ ከእሷ ጋር ሐኪም ቤት ሄደ። ያገኙት ሪሃብን ነው፤ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች የአእምሮ ሕሙማን ነርስ፤ አማርኛዋ ከዓረብኛ የተቀየጠ።

«ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ ስልኩን ስታስቀምጥ ትቆጣለህ?»

«እቆጣለሁ።»

«ልተው ብለህ ሞክረህ ታውቃለህ?»

«ስንቴ!»

«ደስ ይልሃል?»

«ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ካላየሁት ያፍነኛል።»

«ይሄ ብልግና ብቻ አይደለም፤ ልማዱ ገዝቶሃል።»

«ብልግናም አለበት!» አለች ባሕሪያ።

«ይኖርበታል» አለች ሪሃብ። «እሱን ግን እኔ አላክምም።»

ከቡድኑ እንዲወጣ፣ ሥራ ላይ ተራ ስልክ ብቻ እንዲይዝ፣ ኢንተርኔት ያለውን ባሕሪያ እንድታስቀምጠውና ከሰዓት ከሚሰገደው የዐስር ሶላት በኋላ ሰው ፊት ለጥቂት ጊዜ እንዲያየው አዘዘች። አምሮቱ ሲመጣበት ተነስቶ እስኪያልፍለት ገበያውን ይዙር አለች። እየተመላለሰ ሲያወራት አንድ ነገር ገባው፦ ደንበኛ በሰደበው ቁጥር እሱም የሚሰድበው ሰው ፍለጋ ስልኩን ይከፍት ኖሯል።

ክረምት ገብቶ ሥራ ሲቀዘቅዝ ግን የሰው ስልክ ለምኖ ከሽንት ቤት ጀርባ ተወሽቆ ሲጽፍ ባሕሪያ ያዘችው። ሪሃብ ዘንድ ሄዳ «አልዳነም፣ ውሸታም ነው!» ብላ ጮኸች።

«ወድቋል» አለቻት ሪሃብ። «የወደቀ ደግሞ ይነሳል። ነገ ይዘሽው ነይ።»

ይዛው ሄደች፤ መንገዱን ሙሉ ግን አላናገረችውም።

ቀስ በቀስ እንቅልፉ ተመለሰ፤ ልብስም በቀጠሮው ማስረከብ ጀመረ። ያኔ አብዱልናስርን ይቅርታ ሊጠይቅ ከባሕሪያ ጋር ሀዋታ ወረደ። አብዱልናስር በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«አጥፍቻለሁ» አለ ጀማሉ። «አሞኝ ነበር።»

«ጥርሴን የመታኝ በሽታህ አይደለም፤ አንተ ነህ። ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ። ደጄን ግን አትርገጥ።»

ጀማሉ ወደ ሚስቱ ዞረ። ባሕሪያ አላየችውም፤ ወንድሟን አልፋ ወደ ቤት ገባች። ጀማሉ ወደ ገዳሪፍ የሚመለሰውን መኪና ብቻውን ተሳፈረ።